በግራ በኩል

በንቲን ዛሬ እንቅልፍ የነሳው ራስ ምታቱ ሳይሆን አውራ ጣቱ ነው። ራስ ምታቱንማ ለምዶታል፤ ሌሊቱን የከተማ አውቶቡስ ሲያጥብ አድሮ ጠዋት ቤቱ ሲገባ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ ጋደም ሲል፣ ከግራ ዓይኑ በላይ ያ ነገር መምታት ይጀምራል፣ እሱም ግድግዳ እንደሚጋራው ጎረቤት ችሎት ይተኛል፣ ወይም ሳይተኛ ይውላል፣ ማን ይጠይቀዋል። አውራ ጣቱ ግን አዲስ ነገር ነው። አልጋው ላይ እንደተጋደመ የግራ አውራ ጣቱን በቀኝ እጁ ይዞ ጥፍሩን ይጫነዋል፣ ይለቀዋል፣ ደግሞ ይጫነዋል። አሁን ያማል? አሁንስ? ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አብሮት የኖረ ጣት ነው፣ እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። የካቲት ነው፣ እሁድ ነው፣ ውጭ በረዶው ላይ ፀሐይ ወጥታለች። በርገን የምትባለው ይህቺ ዝናበኛ የኖርዌይ ከተማ በዓመት ስንት ቀን ፀሐይ እንደምታይ እግዜር ይወቅ፣ ፀሐይዋ ደግሞ እሱ የሚተኛበትን ቀን መርጣ በብርድ ልብሱ ዳርና ዳር ትገባበታለች። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ላፍቶ ይደውላል። ያኔ እዚያ ስምንት ሰዓት ይሆናል፣ ታላቅ እህቱ ገዲሴ በአቶ ጉርሜሳ ሱቅ ውስጥ ከስልኩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። እስከዚያ ሁለት ሰዓት አለው፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ ለመተኛት ያንሳል፣ ለማሰብ ይበዛል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ማክሰኞ ነው። አይ፣ ቀደም ብሎ ነው፣ አለቃው በሥራ ሰዓት አንድ አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ዓይኑን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ተጋድሞ ያገኘው ጊዜ። አለቃው አልጮኸም፣ አልተሳደበም፣ ወረቀት ሰጠው። እዚህ አገር ሰው ሲቆጣም ሲያዝንም ወረቀት ነው የሚሰጥህ፣ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሰባት ዓመት አልበቃውም። ወረቀቱ ወደ ሐኪም ወሰደው፣ ሐኪሙ በሌላ ወረቀት ወደ ራስ ምታት ክሊኒክ ላከው፣ ክሊኒኩ ደግሞ ሠላሳ መስመር ያለው ሦስተኛ ወረቀት ሰጠውና ራስህን ባመመህ ቀን ሁሉ እዚህ ላይ ምልክት አድርግ አለው። በወሩ ውስጥ ሁለት ቀን ላይ ብቻ ምልክት አደረገ። ሁለቱም ተነስቶ ሥራ መሄድ ያቃተው ቀን ናቸው። ሌላውን ቀን ምን ብሎ ይጻፈው፣ ሠርቶ የገባበትን ቀን፣ ሾርባ ሠርቶ የበላበትን ቀን? ዶክተሯ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች መለሎ ሴት፣ ወረቀቱን አየችና እስቲ ክኒን በስንት ቀን አንዴ ነው የምትውጠው ብላ ጠየቀችው፤ እሱም ምንም ሳይጠረጥር በየቀኑ ነው አላት፣ አንዳንዴም ሁለቴ። ሴትዮዋ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ከዚያ መሣሪያው መጣ። ሽጉጥ መሳይ ነገር ነው፣ ጫፉ ላይ ሳንቲም የምታህል ጎማ አለችው፤ ያቺን ጎማ ጣቱ ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ ከዓይኑ በላይ እያስጠጉ ቀስ በቀስ ይጫኗታል፣ እሱ በሌላ እጁ የመብራት ማብሪያ የመሰለች ነገር ይዟል። ግፊቱ ህመም መሆን ሲጀምር ማብሪያዋን ተጫን፣ መቻል ሲያቅትህ አይደለም፣ ሲጀምር ነው፣ ብላ ሁለቴ ነገረችው፣ ሁለቴም ገባኝ አላት። እውነቱን ነው፣ ገብቶታል። ጎማዋ ጥፍሩን መጫን ስትጀምር ግን በንቲ በርገን አልነበረም። ላፍቶ ነው፣ የደመራ ዕለት ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የሰፈሩ ወንዶች ልጆች ከደመራው ፍም እየመረጡ ክንዳቸው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ቀድሞ ያራገፈ ሴት ይባላል፣ ስሙም እስከ ፋሲካ ይከተለዋል። በንቲ ቀድሞ አራግፎ አያውቅም። ክንዱ ላይ ሦስት ክብ ጠባሳ አለው፣ ሦስቱም ያሸነፈባቸው ናቸው። እና ጎማዋ ትጫናለች፣ እሱ ጣሪያውን ያያል፣ ዶክተሯ ፊቱን ታያለች፣ መጨረሻ ላይ መሣሪያው ከዚህ በላይ አልሄድም ብሎ ጮኸ። ሦስቴ ሞከሩ፣ ሦስቴም ጮኸ። በንቲ ኮራ፤ ይህን የሚያህል ሰውዬ ሆኖ በሳንቲም ጎማ ኮራ።

ዶክተሯ ግን አላደነቀችውም። ክንዱን አዙራ ጠባሳዎቹን አየች፣ ምንድን ናቸው አለችው፣ ነገራት፣ ትንሽ ሳቀች፣ ከዚያም ወንበሯን ወደ እሱ ሳብ አድርጋ ለብዙ ዓመት ሰው ስትለካ ያየችውን አጫወተችው። ራሱን አዘውትሮ የሚያመው ሰው፣ ብዙውን ጊዜ፣ ጭንቅላቱን ብቻ ሳይሆን ከጭንቅላቱ ሩቅ ያለውን ጣቱን እንኳ ሲጫኑት ከሌላው ሰው ቀድሞ ያመዋል። በወር ውስጥ የሚያመው ቀን እየበዛ ሲሄድ ይሄም እየባሰ ሲሄድ ታያለች። ሁሉም እንደዚያ ነው አላለችም፣ ብዙዎቹ ነው ያለችው። ሬዲዮ ድምፁን ከፍ አድርገህ እንደከፈትከው በለው፣ የሚያወራው ሰውዬ ያው ነው፣ አንተ ዘንድ ግን ይጮሃል፤ ሰውየው ደካማ ስለሆነ አይደለም፣ እያስመሰለም አይደለም፣ በእርግጥ እንደዚያ ሆኖ ስለሚሰማው ነው። ታዲያ ድምፁን ከፍ ያደረገው ማን ነው አላት በንቲ፣ ራስ ምታቱ ነው፣ ወይስ ቀድሞውኑ ከፍ ብሎ ተከፍቶ ነው ራስ ምታቱን ያመጣው? ዶክተሯ እጇን ዘረጋች፤ እኛም እሱን ነው የምንፈልገው፣ ምናልባት ሁለቱም ይሆናል አለችው። ቀጥላም፣ አንተ ግን ወይ ከሁሉም የተለየህ ነህ፣ ወይ ተደብቀህብኛል፣ ክኒንህ የሚለውና ጣትህ የሚለው አልገጠመልኝም፤ የሚመጣው ማክሰኞ እንለካሃለን፣ ያኔም እንደዚህ ከሆነ ልንጀምርልህ ካሰብነው አዲስ ሕክምና ላስወጣህ ነው፣ የተደበቀ ህመም አላክምም አለችው። በንቲ አመስግኗት ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄው አልለቀው አለ። አውቶቡስ ሲያጥብ ያስበዋል፣ የአውቶቡሱን ጎማ በውሃ ሲመታ ያስበዋል፤ ከጣትና ከጭንቅላት መካከል ያለው መንገድ በየት በኩል ነው የሚሄደው፣ በአንገት ነው፣ በጀርባ ነው? አንድ የገረመው ነገር ደግሞ አለ። ሊወጣ ሲል በር ላይ ዞር ብሎ ፀጉርስ ያማል ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር፤ እንዴት እንደመጣለት አያውቅም፣ አፉ ነው የጠየቀው። አዎ አለችው ዶክተሯ፣ ሕመሙ ሲነሳባቸው ማበጠሪያ የሚያማቸው አሉ፣ ትራስ የሚያማቸው አሉ፣ ምነው አንተንም እንደዚያ ያደርግሃል? እኔን አይደለም አላት።

ሚዶው ገና ፀጉሯን ሲነካው ገዲሴ ትጮሃለች። ቅዳሜ ነው፣ እናታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ገዲሴን በጉልበቷ መሃል ይዛታለች፣ በአጥሩ ማዶ ገና ያልታጨደ ጤፍ አለ፣ ያኔ ላፍቶ የእርሻ አገር ነው፣ ጀሞ የሚባለው ሜዳ ከብት የሚሰማራበት ነው፣ ከተማው ሩቅ ነው። አትንኩኝ ትላለች ገዲሴ፣ አትንኩኝ፣ ፀጉሬን አመመኝ። ፀጉር ያማል እንዴ ብሎ ይስቃል አባታቸው ዋቅቶላ፣ ጎረቤቱ ይስቃል፣ በንቲም አብሮ ይስቃል። በሌላው ቅዳሜ ደግሞ ያቺው ልጅ፣ በዚያው ሚዶ፣ ሹሩባዋን እየተሠራች ስታንጎራጉር ትውላለች። ይኸው አሉ፣ ስትፈልግ ነው የሚያማት፣ ሞልቃቃ ናት፣ ሞልቃቃም ስሟ ሆነ። አሁን በንቲ ብርድ ልብስ በጋረደው መስኮት ሥር ተጋድሞ እነዚያን ቅዳሜዎች አንድ በአንድ ያነሳቸዋል፤ የጮኸችባቸው ቀናት ሽምብራ ሲነቅሉ በፀሐይ የዋሉ ማግስት ነበሩ፣ ወይም ደግሞ ያን ቀን ማታ እራት ሳትበላ ጨለማ ውስጥ የተኛችባቸው። ጩኸቷንና ተኝታ መዋሏን አንድ ሰው እንኳ አያይዞ አላየም። ሁለት የተለያየ ጥፋት አድርገው ነው የቆጠሩባት፣ አንደኛው ሙልቅቅና፣ ሁለተኛው ስንፍና። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ፀጉሯን በመቀስ ራሷ ከሥሩ ቆረጠችው፣ እናታቸውም ሰው እንደሞተባት አለቀሰች።

ያለፈው እሁድ ባይኖር ይሄ ሁሉ ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። ያለፈው እሁድ ግን ዶክተሯ ከመንገሯ ሁለት ቀን በፊት ነው፣ ገዲሴ ስልኩን እንደያዘች ስለ ሶፊ ልታለቅስ እየቃጣት ነግራዋለች። ሶፊ ልጇ ናት፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ትፈተናለች፣ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ራሴን ብላ ትቀራለች፣ አስተማሪዋም ጎበዝ ነበረች ሰንፋለች ብሏል። እኔን ሙልቅቅና ቤት አስቀረኝ አለች ገዲሴ፣ እሷን አያስቀራትም፣ ብመታም እመታታለሁ፣ አንተን ትፈራለች፣ ተቆጣልኝ። በንቲም ተቆጣላት። ከስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሆኖ፣ የራሱን ግራ ዓይን በመዳፉ ይዞ፣ የማያውቃትን ልጅ ተቆጣ። ሄዶ ሲቀር የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ለስድስት ወር ሥልጠና ብሎ ነው የሄደው፣ ጥርሷ ወልቆ ነበር። ራስ ሁሉንም ያመዋል፣ ቻይው አላት። ልጅቱ እሺ ጋሼ አለች። ሌላ ምንም አላለችም፣ እሺ ጋሼ ብቻ፣ እና ይቺ እሺ ከማክሰኞ ወዲህ ጆሮው ውስጥ ናት፤ ያፍርባታል፣ በጣም ያፍርባታል።

ሰዓቱን አየ፣ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ዶክተሯ ያለችውን ብቻ ብነግራትስ ብሎ አሰበ። የፈረንጅ ሐኪም እንዲህ አለች፣ ልጅቷን አትምቻት፣ ሐኪም ቤት ውሰጃት፤ ይሄ ይበቃል፣ ደግሞም እውነት ነው። ግን ገዲሴን ያውቃታል። የፈረንጅ ሐኪም ስለ ፈረንጅ ራስ ነው የምታወራው ትለዋለች፣ በእኔ ቤት ከእኔ በቀር ማንን እንደዚህ አሞት ያውቃል፣ እኔ ደግሞ ሞልቃቃ ነበርኩ ትለዋለች። ለዚህ መልስ ያለው ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው። ተጋድሞ ጣቱን ይጫናል።

ሰኔ ነው፣ የገዲሴ የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚጀመርበት ጠዋት ነው። በዋዜማው እሱና ገዲሴ የመፈተኛ ካርዷን ለመቀበል እስከ ብስራተ ገብርኤል ድረስ በእግራቸው ሄደው ተመልሰዋል፣ ዝናብ ቀርቶ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር። ጠዋት ገዲሴ ጠፋች። ጎተራው ሥር፣ ዶሮ በማይደርስበት ጨለማ፣ ጭንቅላቷን በአሮጌ ነጠላ አስራ ተኝታ አገኟት፣ አስመልሷታል፣ ብርሃኑን ዝጉልኝ ትላለች፣ ጎተራ ሥር በር ያለው ይመስል። አባታቸው አንዴ እሷን አየ፣ አንዴ በንቲን አየ። አባታቸው ክፉ ሰው አልነበረም፣ የሚያደርገው ጠፍቶት ነበር፣ እና ጠየቀ። አንተ አብረሃት ነው የዋልከው፣ ያንኑ ፀሐይ ነው የመታህ፣ ራስህን አሞሃል? በንቲ የቆመው የጎተራውን ምሰሶ ተደግፎ ነው። ተደግፎ የቆመው ከግራ ዓይኑ በላይ የሚመታው ነገር ሊጥለው ስለደረሰ ነው። ያኔም ነበረበት፣ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ነበረበት፣ ለማንም ተናግሮ አያውቅም፣ ሦስት ጠባሳ ያለው ልጅ እንዴት ብሎ ይናገራል። እኔን ምንም አላመመኝም አለ። አባታቸውም እንግዲህ አለ፣ የእኔ ልጅ አለ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ ወደ ገዲሴም ሳይዞር ወደ እርሻው ሄደ። ገዲሴ አልተፈተነችም፣ በሚቀጥለውም ዓመት አልላኳትም፣ ለሞልቃቃ ትምህርት ምን ያደርጋል ተባለ፣ እሱ ተማረ፣ በመማሩም እዚህ አገር ደረሰ።

ይሄን ከነገራት ልትተወው ትችላለች። አባትም እናትም ሞተዋል፣ ለእሁዱ ስልክ የሚቀመጥለት ሌላ ሰው የለውም፣ የምትቀረው እሷ ብቻ ናት። ፈርቷል፣ እንደዚህ ፈርቶ አያውቅም። ካልነገራት ደግሞ ሶፊን ትመታታለች። ተነሳ፣ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ሳያወርድ ደወለ።

አቶ ጉርሜሳ አንስተው እንደ ሁልጊዜው ብርዱ እንዴት ነው አሉት፣ ከዚያ ገዲሴ መጣች። በንቲ ማብሪያዋንም፣ ጎማዋንም፣ አውራ ጣቱንም፣ እንደገና የሚለካበትን ቀጠሮም ነገራት፣ ሬዲዮውንም ነገራት፣ ፀጉር እንደሚያምም ነገራት። ከዚያ ሳቀችበት። ፈረንጅ ለሁሉም መሣሪያ አለው አለች፣ ጣት ተጭኖ ጭንቅላት የሚያውቅ ጠንቋይ እዚህም ሞልቷል፣ ያን ያህል አገር መሄድ አያስፈልግህም ነበር።

“ደግሞ እኔ ሞልቃቃ ነበርኩ” አለች ሳቋን ሳትጨርስ። “አገር ያውቃል።”

“አልነበርሽም። እኔንም ያመኝ ነበር፣ ገዴ።”

“መቼ?”

“ከልጅነቴ ጀምሮ። የፈተናሽ ቀን ጠዋትም። ምሰሶውን ይዤ የቆምኩት ልወድቅ ደርሼ ነው።”

ከዚያ በኋላ የሱቁ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። አንድ ሰው ላምባ አለ ወይ ይላል፣ አቶ ጉርሜሳ ጠርሙስ አምጣ ይሉታል፣ ውጭ ታክሲ ይጮሃል። በንቲ ስልኩን በጆሮው ይዞ ቆሟል፣ ይቅር በይኝ አላት፣ ሰምታው ይሁን ሳትሰማው አላወቀም።  የዘጋችው መሰለው። ከዚያ ድምፅዋ ዝግ ብሎ መጣ፤ ጎተራው ሥር ሆና የሰጠውን መልስ ሰምታው እንደነበር ነገረችው፣ እኔን ምንም አላመመኝም ያለውን። እሱን አሞት እንደሆነ ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር፣ ያኔ እሷም እውነቷን ነው ማለት ነው። እሱ ምንም አላመመኝም ሲል ግን እሷም እያስመሰልኩ ይሆናል ብላ ራሷን ማመን ተወች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሞልቃቃ ሲላት ተከራክራ አታውቅም።

 አልጨረሰችም፣ አንድ ነገር ማወቅ ፈልጋ ነበር።

“በየትኛው በኩል ነው የሚያምህ?”

“በግራ። ከዓይኔ በላይ።”

“የእኔም በግራ ነው” አለች። “ሶፊ ግን በቀኝ ነው ትለኛለች። እኔ በግራ ብቻ የሚያም መስሎኝ፣ ለዚያ ነው ያላመንኳት።”

 ከዚያ ገዲሴ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ ልክ በልጅነታቸው አፍንጫህን ተናፈጥ እንደምትለው ባለ ድምፅ፣ ቀጠሮህ መቼ ነው ያልከኝ አለችው። ማክሰኞ ነው አላት።

“እንዳትጠብቅ” አለችው። “ገና ሲጀምርህ ተጫን።”

እሺ አላት። ሶፊን አቅርቢልኝ፣ እኔ ራሴ ልንገራት ሊል ነበር፣ ሶፊ ግን ሱቁ አልመጣችም። ትናንት ሲያማት አድሮ ዛሬ ቤት ቀርታለች፣ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ናት፣ በዚህ ሰዓት ደግሞ ፀሐይዋ የምትገባው በዚያ በኩል ነው፣ ሄጄ ልጋርድላት አለች ገዲሴ። ቻው ሳትለው ስልኩን ለአቶ ጉርሜሳ ሰጥታ ሄደች።